አንድ ሮቶ ውሃ

እቴቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። «ወንጂ ተወለድኩ፣ ናዝሬት ተዳርኩ፣ አዳማ አረጀሁ» ትላለች፤ እንግዳ ሰው ሦስት ከተማ የዞረች ይመስለዋል። ከተዳረች ወዲህ ግን ከአንድ ግቢ አልወጣችም። ከቤቱ ፊት አበባ፣ ከጀርባው ጓሮ፣ ዙሪያውን የቅንጭብ አጥር። ከአጥሩ ማዶ ጋሼ አሉ፤ መልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል መስክ ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። እኔ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሁለት የዘይት ቆርቆሮ ጤና አዳም የማሳድግ ገበሬ ነኝ። ጨዋታው የተደረገው በሦስት የተለያየ ቀን ነው፤ ሰዎቹም ጓሮውም ያው ናቸው፣ ሰማዩ ብቻ ይለያያል።

ነሐሴ 24፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ

እኔ፦ እቴቴ፣ ሰኔ ላይ ስመጣ ይሄ ባዶ መሬት አልነበረም እንዴ? ይሄን ሁሉ ደን ብቻሽን ነው ያበቀልሽው?

እቴቴ፦ እኔ ምን አበቅላለሁ፣ ሐምሌ ነው ያበቀለው። ሐምሌና ነሐሴ ለማንም ጓሮ ይሰጣሉ። ያቺን ዱባ እያት፣ ቆሻሻ መድፊያው ላይ ያለችዋን። ማንም አልተከላት፣ ማንም አልኮተኮታት፤ እኔ ከለፋሁባት ዱባ ትበልጣለች። ባለጓሮ የሚለየው ጥቅምት ላይ ነው።

እኔ፦ እንዲያ ከሆነ አሁን ጎንበስ ብለሽ የምትለፊው ለምንድን ነው?

እቴቴ፦ አረሙም እንደ ዱባዋ ሐምሌን ስለሚያውቅ ነዋ! ደግሞ ቆመህ ከምታወራ ያንን መኮትኮቻ አንሳና ቆስጣው ውስጥ ግባ። ላይ ላዩን ብቻ፣ ሥሩን እንዳትነካብኝ።

ጋሼ፦ (ከአጥሩ ማዶ) እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? እንግዳ አለ መሰለኝ።

እቴቴ፦ ይግቡ እንጂ ጋሼ! የእህቴ ልጅ ነው፣ ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው። እባክዎ ቲማቲሜን ይዩልኝ፣ ምች መታብኝ።

ጋሼ፦ (ቅጠሉን ገልብጠው እያዩ) ይሄ ፀሐይ የሚያመጣው ምች አይደለም እትዬ፤ ሻጋታ ነው። ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ይውላል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ በቃ። የመቂና የባቱ ገበሬ ቲማቲሙን በበጋ በመስኖ ማምረት የሚመርጠው ዝናብ ጠፍቶበት ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ሸሽቶም ነው።

እኔ፦ መድኃኒት የለውም?

ጋሼ፦ የሚረጭ አለ። ለአሥራ ሁለት እግር ቲማቲም ግን መርጨት ምን ያደርጋል? የታመመውን ነቅላችሁ አርቃችሁ ቅበሩት፤ ብስባሹ ውስጥ እንዳትጥሉት። ከዚያ ዛሬውኑ አዲስ ዘር አፍሉ። በ5 ሳምንት ችግኙ ይደርሳል፤ መስቀል አካባቢ ታዛውሩታላችሁ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ትለቅማላችሁ። ዝናቡ ሳያየው ይበላል።

እኔ፦ ዘሩ የቱ ቢሆን ይሻላል? መልካሳ ያወጣው ብዙ ነው ሲባል እሰማለሁ።

ጋሼ፦ መልካ ሾላ አለ፣ መልካ ሳልሳ አለ፣ ቢሾላ፣ እሸት፣ ፈጣን... የአንዳንዱ ስሙ ራሱ ይነግርሃል። ፈጣን ቶሎ ይደርሳል። ሳልሳው የተመረጠው ለድልህ ነው፤ እንደ መርቲ ላለ ፋብሪካ። ለእትዬ ፈጣኑ ይሁንላቸው፣ ትዕግሥት የላቸውም።

እቴቴ፦ ሰማህ? ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናቸው!

ጋሼ፦ ሽንኩርት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ጻፈው። አዳማ ሬድ የሚባለው ዘር ሲወጣ ከተማዋ በይፋ ናዝሬት ነበረች። ሰዉ በወረቀት ናዝሬት እያለ ሽንኩርቱን አዳማ ብሎ ይገዛ ነበር። ከተማዋ ስሟን ከማስመለሷ በፊት ሽንኩርቱ አስመልሶላታል።

እኔ፦ አዳማ ማለት ቁልቋል ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

ጋሼ፦ አዳሚ በኦሮምኛ ቁልቋል ነው፤ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። ቁልቋል የሚወደው አገር ምን ዓይነት እንደሆነ አንተው አስበው። ጥቂት ወር ይዘንብና ቀሪው ፀሐይ ነው። የእትዬ አጥርም ቅንጭብ የሆነው ለዚህ ነው፤ ማንም አያጠጣው፣ ከብት አይበላው፣ ነፋስ ይመክታል። ወተቱ ዓይንህን እንዳይነካህ ብቻ ተጠንቀቅ።

እኔ፦ ያ ጥግ ላይ ያለው ሮቶ ግን ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ሰማዩ እየሰጠ ለምን ታጠራቅሚያለሽ?

እቴቴ፦ ለጥቅምት ነዋ።

ጋሼ፦ እስቲ አብረን እናስላው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእትዬ ጣሪያ 50 ካሬ ቢሆን፣ 20 ሚሊ ሜትር የጣለ አንድ ጥሩ ዝናብ 1,000 ሊትር ያወርዳል። ሮቶው ሞላ። በዓመት 800 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል ብንል ከዚህች ጣሪያ 40 ሮቶ ይወርዳል።

እኔ፦ እቴቴ ያላት 1 ነው።

ጋሼ፦ ሠላሳ ዘጠኙ ወደ ቱቦ፣ ከዚያ ወደ ታች ሰፈር። ከተማዋ ጎድጓዳ ውስጥ ናት፤ ከዙሪያዋ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ክረምት በመጣ ቁጥር የሰው ቤት ይገባል። ጥር ላይ ደግሞ ያው ሰው ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ ይቀመጣል።

እቴቴ፦ የምን ቱቦ ነው ጋሼ? እኔ ሠላሳ ዘጠኙን አፈር ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

እኔ፦ እንዴት?

እቴቴ፦ ይሄ የኛ አፈር ስትይዘው አመድ ነው። ውሃ ስትሰጠው እንደ ወንፊት ያወርደዋል፣ ፀሐይ ሲመጣ ብን ይላል። ውሃ እንዲይዝ ሆድ ያስፈልገዋል። ሆዱ ፋንድያ ነው። ድሮ በየበሩ የጋሪ ፈረስ ነበር፤ አካፋ ይዤ ወጥቼ ከበሬ ላይ እሰበስብ ነበር። ባጃጅ መጣና ፈረሱ ቀነሰ። ባጃጅ የሚያወርደው ጭስ ነው፣ ምን ይደረግበታል? አሁን ጋሪ ነጂዎቹ ማደሪያ ድረስ ሄጄ በጆንያ እገዛለሁ።

እኔ፦ እበት አይሆንም?

እቴቴ፦ ይሆናል፣ ግን እበቱን ሰው ኩበት አድርጎ ያነደዋል፤ አይገኝም። የትኛውም ቢሆን ሦስትና አራት ወር ሳይበሰብስ አይገባም። ትኩሱን ከሰጠኸው ቡቃያውን ያቃጥለዋል። አንድ ዓመት ቸኩዬ ቃሪያዬን በሙሉ ጨርሼዋለሁ።

ጋሼ፦ ትዕግሥት የላቸውም ብያለሁ።

እኔ፦ እናቴ ከምድጃ የወጣ አመድ ትጨምርበታለች፤ ያንንስ ሞክረሻል?

ጋሼ፦ እናትህ የምትኖረው የት ነው?

እኔ፦ ነቀምቴ።

ጋሼ፦ እሷ ልክ ናት። የወለጋ አፈር በዝናብ ብዛት ታጥቦ ኮምጥጧል፤ አመድ ኖራን ይተካል። የስምጥ ሸለቆ አፈር ግን መጀመሪያውኑ አልኮመጠጠም፤ አብዛኛው ወደ ሌላኛው ጫፍ ያደላ ነው። አመድ ስትጨምርበት ብረትና ዚንኩን ይቆልፍበታል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። የእህትማማቾች ምክር እንኳ በአውቶቡስ አንድ ቀን ከተጓዘ በኋላ አይሠራም።

ከኢሬቻ በኋላ፣ መስከረም 27

ጋሼ፦ ከሆራ አርሰዲ እርጥብ ሣር አምጥቼላችኋለሁ። ሰዉ እንደ ጎርፍ ነበር። ክረምቱን ላሻገረ ምስጋና ነው፤ ቢራ ገባ።

እኔ፦ ቢራ?

ጋሼ፦ የሚጠጣው አይደለም! በኦሮምኛ ከክረምቱ ጨለማ በኋላ የሚመጣው ወቅት ነው። እናንተስ በአማርኛ «ሰማዩ ብራ ሆነ» ትሉ የለ?

እቴቴ፦ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ሲነጋ ሲመሽ «የጸደይ ወራት» ይለኛል። ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። በቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ክረምት መስከረም 25 ያልቃል፣ ከ26 ጀምሮ መፀው ነው። አበባ ያየ ሁሉ ጸደይ ይላል።

እኔ፦ ከፈረንጅ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ የእነሱ አበባ የሚያብበው በጸደይ ነው። አሁን ከእነሱ በኩል ሁሉ ነገር እየተዘጋ ነው። የአጎቴ ልጅ ትናንት ከሚኒሶታ ደውላ ነበር፤ ውርጭ ሳይመጣ ቃሪያዋን ከነማሰሮው ወደ ሳሎን እያስገባች ነው። ጎመኑን ብቻ ውጭ ትታዋለች፣ ብርድ ሲነካው ይጣፍጣል አለች።

እቴቴ፦ ለእሷ ጠላቱ ብርድ ነው፤ ለእኔ ፀሐይ። እሷ ጓሮዋን ታስገባለች፣ እኔ ጓሮዬን እገለብጣለሁ። ዶማውን ያዝ።

እኔ፦ ምን ማለት ነው መገልበጥ?

እቴቴ፦ ክረምቱን ሙሉ መደቡ ከመተላለፊያው በአንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነበር፤ ውሃ እንዳይተኛበት። አሁን ዝናቡ ሄደ። ከፍ ያለ መደብ ላይ የምታፈሰው ውሃ ወደ መተላለፊያው ነው የሚሸሸው፤ እግርህን ነው የምታጠጣው። ስለዚህ አፈሩን ከመሐል ወደ ዳር እናወጣለን፤ ዳሩ ጠርዝ ይሆናል፣ መሐሉ ይጎደጉዳል። በክረምት መደቤ ትራስ ነው፣ ከመስከረም ወዲያ ሳህን ነው።

እኔ፦ ጎመኑ ቆሞበትስ?

እቴቴ፦ የቆመበትን አትንካው፤ በየእግሩ ዙሪያ ጠርዝ ብቻ አብጅለት። የምንገለብጠው የተለቀቀውን ነው፤ ቲማቲሙ የተነቀለበትን፣ ካሮቱ የወጣበትን። ትራስ ላይ ተክዬ ሳህን የምመኝበት ዓመት ነበር። ኅዳርን አላየም።

እኔ፦ (ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ እያላብሁ) ጋሼ፣ መልካሳ ላይም እንዲህ ነው የሚደረገው?

ጋሼ፦ እዚያ ቦይ ነው፤ ትራክተር አለ። ግን ሐሳቡ ያው ነው። ውሃን እርሻው ውስጥ ለማቆየት ለብዙ መደብ ጠርዝ አብጅተናል፤ እትዬ ግን ከማንም ሳይማሩ ነው የጀመሩት።

እቴቴ፦ ከአገዳው ነው የተማርኩት። ወንጂ ልጅ ሆነን ቦይ ውስጥ ስንዋኝ አባቴ ይገርፈን ነበር። ውሃ የት እንደሚሄድ የማያውቅ የወንጂ ልጅ የለም።

እኔ፦ አሁን ጭዱ የት ነው የሚገባው?

ጋሼ፦ ከላይ፣ ስስ አድርገህ። ወፍራምና ደረቅ ከሆነ ምስጥ ትጠራለህ። ሁለት ጣት ይበቃል። ጭድ የለበሰ አፈርና የተራቆተ አፈር ላይ ከሰዓት በኋላ እጅህን አስቀምጥ፤ ከዚያ ማስተማር አያስፈልግህም።

እቴቴ፦ ጎመኑን ገልብጠህ አየኸው? ክሽክሹ ተመልሷል።

እኔ፦ እውነት ነው፣ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። ነሐሴ ላይ አልነበረም።

ጋሼ፦ ነሐሴ ላይ ዝናቡ እያጠበ ያወርደው ነበር። አሁን ያንን ሥራ እናንተ ተረከባችሁ። ጥቂት ሳሙና በውሃ በጥብጡና ከቅጠሉ ሥር በኩል እጠቡት፤ ከላይ ማጠብ ፊትን ታጥቦ እግርን መተው ነው። በጣም የተያዘውን ቅጠል ቁረጡት።

እኔ፦ በመስከረም «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል፤ አንቺ ግን ጎመን ታጥቢያለሽ።

እቴቴ፦ ያ የራብ ጎመን ነው፤ እህል ሲያልቅ የሚበላው። አሁን ነው እንጂ ጎመን! በክረምት ውሃ የጠጣ ቅጠል ውሃ ውሃ ይላል። ከመስከረም በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው፣ ሌሊቱ ሲበርድ ነው ጣዕም የሚይዘው። ከሥር ከሥር ትቀነጥባለህ፣ ጫፉን ትተዋለህ፤ እስከ የካቲት ይሰጥሃል። ሁለቱን እግር ደግሞ አልነካቸውም፤ ያብቡ። ዘሩ ለከርሞ፣ የተረፈውም ለምጣድ ማሰሻ።

እኔ፦ ውሃው በፈረቃ መሆኑ ካልቀረ ለምን ጉድጓድ አታስቆፍሪም? ለአትክልት ብቻ።

እቴቴ፦ (ከንፈሯን ገልጣ ጥርሷን አሳየችኝ) ይሄን ቡኒ የቀባኝ ማን ይመስልሃል? የልጅነቴ ጉድጓድ ነው።

ጋሼ፦ ፍሎራይድ ነው። ሸለቆው እሳተ ገሞራ ያነጠፈው ነው፤ ውሃው በዚያ ድንጋይ መሐል ሲቆይ ይሸከመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በዚህ ሸለቆ ያንን በብዙ እጥፍ ያለፈ ጉድጓድ አለ። ከአገዳው እርሻ ጉድጓድ የጠጣ ትውልድ በጥርሱ ይታወቃል።

እኔ፦ ቆስጣ ግን ጥርስ የለውም።

ጋሼ፦ ቆስጣው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ያው ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ ሶዲየም ይዟል። ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣበታል፣ እናቶች ለማጠቢያ ይወዱታል። አፈር ላይ ግን ዓመት ሁለት ዓመት ስታፈሰው ፊቱን ይዘጋዋል፤ ውሃ ላዩ ላይ ይቆማል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የልብስ እጣቢም እንደዚያው ነው፤ ዱቄት ሳሙናው ሶዲየም ነው። ከሩዝና ከአትክልት ማጠቢያ የተረፈውን ስጡ፣ የኦሞውን ለቅንጭቡ።

እኔ፦ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር? ውሃ እንዲህ ውድ ከሆነ ጽጌረዳ ማጠጣት አይገባኝም። ቆስጣ ይበላል።

እቴቴ፦ ይሄ ልጅ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ጨከነ! ቁጠር እስቲ። ቡገንቪሊያዋን ካጠጣኋት ቅጠል ብቻ ትሆንብኛለች፤ የምትቀላው ስትጠማ ነው። ዳሊያዋ ራሷ ትተኛለች፤ ግንዷ ይደርቃል፣ ሥሯ እንደ ድንች ተሸሽጎ ሰኔን ይጠብቃል። ጀራንየም በሳምንት አንድ ጣሳ። አደይ ማንም አያጠጣትም፤ አጥሩ ሥር ያንን ጥግ የማላርመው ለእሷ ነው። አብባ፣ ዘሯን ጥላ፣ ሄዳለች። ከአበባ የምታስቸግረኝ አንዷ ጽጌረዳ ናት።

እኔ፦ አደይ ከመስቀል በኋላ የት እንደምትገባ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጋሼ፦ ሱሪህ ላይ ነው የምትገባው። የጨጎጎት ዘመድ ናት፤ ዘሯ ልብስ ይይዛል። ባሏን ሳትመርጥ ተከትላ ትሄዳለች።

እኔ፦ ስለ ጽጌረዳዋ አልመለስሽልኝም።

እቴቴ፦ እዚህ መስመር ላይ ካሉት ጽጌረዳዎች ግማሹ የእሷ ቅርንጫፍ ነው። ሐምሌ ላይ እስክሪብቶ የሚያህል ቆርጬ እሰጣለሁ፤ በዝናቡ ይይዛል። ቆስጣ ስሰጥ ሰው አመስግኖኝ ይበላዋል፣ አለቀ። ጽጌረዳ የሰጠሁት ሰው ከአሥር ዓመት በኋላም «ያንቺዋ አበበች» ይለኛል። ደግሞ ዘመነ ጽጌ ገብቷል፤ እስከ ኅዳር 5 ድረስ አርባ ቀን አበባ ነው። በዚህ ወር ጽጌረዳዬን አስጠምቼ ማኅሌት ልሂድ?

ጋሼ፦ ዱባዋም ያለ አበባ አትሆንም፤ ንብ ካልመጣ ዱባ አይቋጥርም።

እኔ፦ ባቱ ላይ ስንት ሄክታር ጽጌረዳ በላስቲክ ቤት ውስጥ አለ። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ አበባ ላኪ ናት። አንድ ዘንግ መግዛት...

እቴቴ፦ እሱ በሌሊት አውሮፕላን ይሳፈራል። እኔ አንድም ቀን በጠረኑ አላወቅሁትም።

ኅዳር 12፣ አመሻሹ ላይ

እኔ፦ አዲስ አበባን በጭስ ተሸፍና ትቻት መጣሁ። ኅዳር ሲታጠን ነው።

እቴቴ፦ ታውቃለህ ግን ለምን እንደሚታጠን? በ1911 የኅዳር በሽታ ሰዉን ስለጨረሰ ነው። በሽታው ሄደ፣ ጭሱ ቀረ። እኔ ቅጠሌን አላቃጥልም። ያ የምታየው ክምር የዓመቱ አረም፣ የቡና አተላና ልጣጭ ነው፤ ለሰኔ ይደርሳል። የታመመ ቅጠል ብቻ ነው እሳት የሚገባው።

እኔ፦ ነፋሱ ግን ምንድን ነው እንዲህ?

ጋሼ፦ የበጋ ነፋስ ነው፤ ገና ይበረታል። ተራራው ላይ የምታያቸው የንፋስ ተርባይኖች ለዚህ ነው የቆሙት፤ በ2004 እና በ2007 በሁለት ዙር የተተከሉት 204 ሜጋ ዋት ናቸው። ወንዝ ሲቀንስ ነፋስ ይጨምራል፤ ለመብራት መልካም ነው። ለጓሮ ግን ነፋስ ማለት የማይታይ ሌባ ነው። ፀሐዩ ያልወሰደውን እርጥበት እሱ ይወስደዋል። ቅንጭቡ ባይኖር ይሄ መደብ ዛሬ አቧራ ነበር።

እኔ፦ ቲማቲሙ ቋጥሯል! ግን... እቴቴ፣ ቂጡ ጠቁሯል። ይሄም ሻጋታ ነው?

ጋሼ፦ ይሄ በሽታ አይደለም። እትዬ፣ ሐቁን ይናገሩ፤ ውሃ መቼ መቼ ሰጡት?

እቴቴ፦ ... ሲመጣ።

ጋሼ፦ አየህ? አንድ ሳምንት ሳይጠጣ ይቆያል፣ ውሃ ሲመጣ በባልዲ ይጥለቀለቃል። አፈሩ ውስጥ ካልሲየም ሞልቷል፤ ፍሬው ጫፍ ድረስ የሚያደርሰው ግን ውሃ ነው፣ ተቆራርጦ ሲመጣ አያደርሰውም። በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ይሻላል። የጠቆረውን ቀንጥቡት፣ የሚቀጥለው ይስተካከላል። እኔን ያሰጋኝ ይልቅ ይሄ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ መንገድ ታያለህ?

እኔ፦ አዎ፣ በቅጠሉ ቆዳና ቆዳ መሐል የተቆፈረ ይመስላል።

ጋሼ፦ ቱታ ይባላል፣ ቱታ አብሶሉታ። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እኛ ዘንድ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ነው የመጣው። ትሏ ቅጠሉን ከውስጥ ትበላለች፣ ከዚያ ወደ ፍሬው ትገባለች። መርዙ አያገኛትም፣ ቤት አላት። እንዲህ ትንሽ ሳለ ቅጠሉን በጣት ለቅሞ ፌስታል ውስጥ አስሮ ፀሐይ ላይ መጣል ነው። ትልቅ ገበሬ ይሄን ማድረግ አይችልም፤ ባለ አሥራ ሁለት እግር ይችላል። ለድሃ ጓሮ የተሰጠችው ብልጫ ይቺ ብቻ ናት።

እቴቴ፦ (ሮቶውን በጣቷ መገጣጠሚያ ከታች ወደ ላይ እያንኳኳች) እዚህ ጋ ነው ድምፁ የሚለወጠው። ከግማሽ በታች ነው።

እኔ፦ ውሃ ከመጣ ስንት ቀን ሆነ?

እቴቴ፦ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።

እኔ፦ እንግዲህ እናስላ። መደቡ 20 ካሬ ነው። በካሬ 5 ሊትር ብንሰጥ በቀን 100 ሊትር። ሙሉ ሮቶ 10 ቀን ነበር፤ ያለሽ የ4 ወይም የ5 ቀን ነው።

እቴቴ፦ ለ20 ካሬ አላጠጣም። ሰላጣው አብቧል፣ መርሯል፤ ነገ ለዶሮ። ካሮቱን ዛሬ ስበህ አውጣው፣ ትንሽም ቢሆን። ቀይ ሥሩ ባለበት ይቆይ፣ ጠንካራ ነው። ፎሶሊያው በቃው። የሚቀሩት ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም ናቸው።

እኔ፦ እና ጽጌረዳዋ።

እቴቴ፦ እና ጽጌረዳዋ። አስቀድመህ ተናገርካት።

ጋሼ፦ 8 ካሬ አይሞላም። በየሁለት ቀኑ ቢሰጡት ያ ግማሽ ሮቶ ሦስት ሳምንት ያህል ያዘልቃል።

እኔ፦ ካሮቱ ግን ያሳዝናል። የጣት ያህል ነው።

እቴቴ፦ አንተ ከተማ ገብተህ ሁሉ ነገር እስኪያልቅ ድረስ የሚቆይ ይመስልሃል። ነሐሴ ላይ ሁሉንም ተክያለሁ፤ ኅዳር ላይ የትኛውን እንደምተው አውቄ ነው የተከልኩት። ሰላጣው ዳር፣ ጎመኑ ሮቶው አጠገብ። ዝም ብሎ የተተከለ መሰለህ?

እኔ፦ እንደዚያ አላየሁትም ነበር።

እቴቴ፦ እንካ፣ ይሄን ያዝ። የአምናው ጎመን ዘር ነው፣ ከምጣዱ የተረፈ። ከጤና አዳምህ አጠገብ በሌላ ቆርቆሮ ዝራው። ቆርቆሮውን ከሥሩ በምስማር ብሳው፤ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። ፎቅ ላይ ነፋስ አለ፣ ከመስኮቱ ወደ ውስጥ አስጠጋው...

(ከጓዳው በር በኩል፣ ተገልብጦ ከተቀመጠው ሣፋ ላይ፣ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ቀጥሎ ቶክ ቶክ ማለት ጀመረ።)

ጋሼ፦ እትዬ!

እቴቴ፦ ሰምቻለሁ! ጎማውን ዘርጋ፣ ቶሎ! ሮቶው መጀመሪያ፣ ከዚያ ጀሪካኖቹ። ጋሼ፣ የእርስዎንም ቧንቧ ይክፈቱ እንጂ፣ ምን ቆመው ያያሉ!